ከእንግሊዛዊው ጊታሪስትና ዘፋኝ ኤሪክ ክላፕተን የኋለኛ አልበሞች ከየቱ ልጀምር ላልከው

በ1994 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው «ፍሮም ዘ ክሬድል» ጀምር። «ፒልግሪም የተባለው አልበሙ አሰልችቶኛል፣ ጓደኞቼ ግን ይሟገቱለታል፤ ከ90ዎቹ ወዲህ የሚሰማ ሠርቷል ወይ?» ላልከው መልሱ «ፍሮም ዘ ክሬድል» ነው። ከዳር እስከ ዳር የድሮ ብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ስልት) ነው፤ ጊታሩም ከፊት ነው።

ቀጥሎ ከአሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስት ከቢ ቢ ኪንግ ጋር የሠራውን የ2000ውን «ራይዲንግ ዊዝ ዘ ኪንግ» ስማ። የ1998ቱ «ፒልግሪም» በኤሌክትሮኒክ ከበሮ ስለተሞላ ጊታሩን ስትፈልግ ትደክማለህ። ጓደኞችህ ለምን እንደሚሟገቱለት ግን ይገባኛል። ስለ አባቱና ስለ ሞተው ልጁ የዘፈነው ከአንጀቱ ነው። የ2013ቱን «ኦልድ ሶክ» እለፈው፣ ምንም አይቀርብህም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እዚህ ሐዋሳ በፍላሽ የሚገለበጥልህ «የክላፕተን ምርጥ» የ70ዎቹን ከኋለኛው ጋር ቀላቅሎ ነው የሚመጣው። በ1977 የወጣ ዘፈን ይዘው «እርጅና አልበገረውም» እያሉ የሚከራከሩ አጋጥመውኛል። መጀመሪያ ዓመቱን እይ።