«በ1 ሰዓት ድሬ ትገባለች» ሲባል መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነህ፣ ከድሬ ከከዚራ ነው የምጽፍልህ። እህቴ ከአዲስ አበባ ማታ ደውላ «እማዬ ነገ በአውሮፕላን በ1 ሰዓት ድሬ ትገባለች» አለችኝ። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኤርፖርት ተገትሬያለሁ፣ እማዬ የገባችው 5 ሰዓት ላይ። እህቴ «በረራው 1 ሰዓት ነው የሚፈጀው ማለቴ ነው» ትላለች። ማናችን ነን የተሳሳትነው? ደሞ «ርቀቱ 1 ሰዓት ነው» ይባላል ወይ?

መልስ፦ አቦ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። (ጋሼ ብለህ አንተ ስትለኝ ድሬነትህ ያስታውቃል፣ ደስ ብሎኛል።)

ነገሩ ያለው «በ» ላይ ነው። «አውሮፕላኑ በ1 ሰዓት ይነሳል» ብልህ ጠዋት ወይ ማታ 1 ሰዓት ላይ ብለህ ነው የምትረዳው፣ መነሳት ቅጽበት ነዋ። «ልብሱን በ1 ሰዓት አጥባ ጨረሰች» ብልህ ደሞ ሥራው የፈጀውን ጊዜ ነው የምትቆጥረው። «በሰዓት 80 ኪሎሜትር» ስንል ሌላ ሦስተኛ ትርጉም ይመጣል። አሁን «ደረሰ» እና «ገባ» የሚሉት ግሶች ናቸው አስቸጋሪዎቹ፣ መድረስ ራሱ ቅጽበት ነው ግን ከኋላው መንገድ አለው፣ ስለዚህ አንተ ቅጽበቱን ሰማህ እህትህ መንገዱን አሰበች። «በ45 ደቂቃ ትገባለች» ብትልህ ኖሮ አትደናገርም ነበር፣ ምክንያቱም «45 ደቂቃ» ብቻውን የቀኑን ሰዓት አይጠራም፣ «1 ሰዓት» ግን ርዝመቱንም የቀኑን ሰዓትም ይጠራል። ትኬቱ ላይ ደሞ ጠዋት 1 ሰዓት 07:00 ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ እሱም ሌላ 6 ሰዓት ልዩነት ይጨምርብናል።

እንግዲህ ለቅጽበቱ «ላይ» በል፣ ከጠዋት ወይ ከማታው ጋር፦ «ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ትነሳለች»። ለርዝመቱ «1 ሰዓት ይፈጃል»። «ይወስዳል»ም ሁሉም ሰው የሚለው ነው ስህተት አልለውም፣ ለጆሮዬ ግን «ይፈጃል» ይጥመኛል።

ወደ ርቀቱ ስንመጣ፣ «ርቀት» የቦታ ነገር ነው፣ ከቦሌ እስከ ድሬ ኤርፖርት በአየር ቀጥታ ወደ 345 ኪሎሜትር ነው፣ በመኪና ከሄድክ ግን መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ «ርቀቱ 1 ሰዓት ነው» ጆሮን ትንሽ ይቆረቁራል፣ «የ1 ሰዓት መንገድ ነው» ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከመድረሱ በፊት በግመልና በበቅሎ የሚሄደው ነጋዴ መንገዱን በቀን ነበር የሚቆጥረው፣ «የስንት ቀን መንገድ ነው» ነው የሚባለው።

ብቻ በምን እንደሚኬድ አትርሳ። እኔ ከሐረር በሚኒባስ ተሳፍሬ የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ ድሬ ስደርስ ወደ 1 ሰዓት ይፈጅብኛል፣ የሄድኩት ግን ወደ 55 ኪሎሜትር ብቻ ነው። እማዬም በአውሮፕላን 1 ሰዓት ነው የፈጀባት፣ ያውም የትኬቱ ሰዓት አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚንደረደርበትንም ስለሚጨምር አየር ላይ የቆየችው ከዚያ ያንሳል። ሁለቱም «የ1 ሰዓት መንገድ» ነው፣ አንዱ ግን በሚኒባስ ሌላው በአውሮፕላን። እህትህ እንዲህ ብትልህ አትጠብቅም ነበር፦ «እማዬ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ትነሳለች፣ በረራው 1 ሰዓት ይፈጃል፣ 5 ሰዓት ላይ ተቀበላት።»