ፕሮጀክትሽን ከሲቪሽ ላይ አታውጪው

አንዲት አዲስ ተመራቂ ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ወደ ሰርቨር የሚጭን ፕሮግራም በፓይተን ሠርታለች። በራሷ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ለሥራ ስታመለክት ግን ፈታኙ ዊንዶውስ ላይ ሲከፍተው ገና ሲጀምር ኤረር አወጣ። «ከሲቪዬ ላውጣው ወይስ ቋንቋ ልቀይር?» ትላለች።

እህቴ፣ ሁለቱንም ተይው።

የተጠቀምሽው መልቲፕሮሰሲንግን ነው፤ ሥራውን ለብዙ ፕሮሰሶች፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው ለሚሠሩ ፕሮግራሞች፣ ያከፋፍላል። እነዚህን ለማስነሳት ሊኑክስ ላይ ለዓመታት የነበረው መንገድ ፎርክ ነው፤ እየሠራ ያለውን ፕሮግራም እንዳለ ቅጂ ያወጣለታል። ዊንዶውስ ይህ የለውም። አዲስ ፓይተን ያስነሳና ፋይልሽን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያነባል። ሥራውን የሚያስጀምረው ኮድ በ«ሜይን» ቅድመ ሁኔታ (if __name__ == "__main__":) ካልታጠረ፣ አዲስ የተነሳው ፓይተን፣ ማለትም ልጁም፣ ተራውን ልጅ ልውለድ ይላል። ያኔ ፓይተን ያስቆመዋል። ማክም ከፓይተን 3.8 ወዲህ እንደ ዊንዶውስ ሆኗል። በ3.14 ደግሞ ሊኑክስም ፎርክን መደበኛ ማድረጉን ትቷል፤ ፓይተንሽን ስታድሺ ያው ኤረር እቤትሽ ሊመጣ ይችላል።

«ሜይን»ን ማጠር ኤረሩን ያጠፋዋል። እኔ ግን ፕሮሰሶቹን በትሬድ፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥራዎች፣ ቀይሪ እላለሁ። ፋይል መጫን ማለት አብዛኛው ጊዜ ኔትወርክ መጠበቅ ነው፤ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ ትሬድ ፑል (ሥራ የሚቀባበሉ የተወሰኑ ትሬዶች ስብስብ) ይበቃል፤ በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ላይ አነሳሱ አንድ ነው። «ለምን ፕሮሰስ ሳይሆን ትሬድ?» ተብለሽ ብትጠየቂ፣ ይህንኑ በራስሽ አነጋገር አስረጂ። ጁኒየር የሚቀጥር ሰው እንዲህ ያለ መልስ ይወዳል።

የፋይል አድራሻ በእጅሽ በስላሽ አትገጣጥሚ፤ ለዚህ የተሠራ ፓዝሊብ የሚባል የፓይተን መሣሪያ አለልሽ። በፋይል ስም ውስጥ 10:30 ብለሽ ሰዓት ካስገባሽ ደግሞ ዊንዶውስ ያቺን ኮለን አይቀበልም።

ዊንዶውስም ማክም የለኝም ትይ ይሆናል። የኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ ጊትሃብ፣ አክሽንስ በሚባለው አገልግሎቱ ቴስትሽን በሦስቱም ላይ ያስኬድልሻል፤ ኮድሽ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ አያስከፍልም።

ቴስቱ በሦስቱም ላይ አልፎ አረንጓዴ ሲሆን ሲቪሽ ላይ «ፋይሎችን በትይዩ የሚጭን፣ በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ የተፈተሸ» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ በፊት ግን አትጻፊው። ለዚያ ፈታኝም አጭር ኢሜይል ላኪለት፦ ምን እንደተበላሸ በሁለት መስመር፣ ከሥሩ የተስተካከለው ኮድ ሊንክ። ባይመልስልሽም ምንም አይጎዳሽም።