ለወጣት ባለሙያዎች፦ «እንጃ» ስላልኩበት እሑድ

ልጆቼ፣

ባለፈው መስከረም የወንድሜ ልጅ እዚሁ ጅማ ባንክ ተቀጠረች። መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ልታሳየኝ ቤቴ ስትመጣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ከደስታው ሥር ግን አንድ የቆየ ቁስል ተነካብኝ። በዚያ ቀን አስቀምጬ ያወራኋትን ነው አሁን ለእናንተ የምጽፈው። ባንክ ለገባችሁ፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ለተመደባችሁ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ለምትሠሩ፣ ማዘጋጃ ቤት የሰው ይዞታ ፋይል ለምታገላብጡ ሁሉ ነው። የሰው ገመና በእጃችሁ ገብቷል። ማታ ደግሞ ከእናት፣ ከአባት፣ ከአክስት ጋር ማዕድ ትቀርባላችሁ።

እኔ ከአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ኮሌጅ ወጥቼ ባንክ የገባሁት በ1976 ዓ.ም. ነው። ጡረታ እስክወጣ አብዛኛውን ዘመኔን ጅማ በብድር ክፍል አሳለፍኩ። ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ወንድም ጋሼ ትምህርቱን አቋርጦ ከአጋሮ ወዲያ ያለችውን የቡና መሬት ይዞ ቀረ፤ እኔን «አንተ ተማር» ብሎ ሰደደኝ። በየዓመቱ ቡናው ተሸጦ ብር ሲገባ መጀመሪያ ተቆጥሮ የሚቀመጠው የእኔ የቤት ኪራይና የምግብ ነበር። እሱ በዚያ ዘመን ሁለት ሸሚዝ ነበረው። የዚህን ሰው ውለታ ሳታውቁ የምነግራችሁ ነገር ክብደቱ አይገባችሁም።

የዚያን ዘመን የቡና ንግድ ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ ለሰብሳቢ ወይም ለአቅራቢ ያስረክባል። አቅራቢው ቤቱን ወይም መጋዘኑን አስይዞ ከባንክ የሥራ ማስኬጃ ብድር ይወስዳል፣ በአዝመራው ይገዛል፣ አስፈልፍሎ ያኔ ወደነበረው የአዲስ አበባ ጨረታ ይልካል፣ ሸጦ ብድሩን ይመልሳል። ብሩ ሲያጥረው ደግሞ ከገበሬው በቃል ይወስዳል፤ «በጥር እከፍልሃለሁ» ይባላል፣ ያ ቃል ይከበራል። ዋጋ ካልወደቀ በቀር ሁሉም በሰላም ይኖር ነበር። በ1981 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታው ከፈረሰ በኋላ ግን ገበያው ልጓም አልነበረውም፤ የቬትናም ቡናም በብዛት ገባ። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። እኛ ዘንድ ይህ ማለት፣ ጅማ የተጫነ ቡና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ እስኪደርስ ዋጋው ወርዶ ይጠብቀዋል ማለት ነበር። ስንት የተከበረ ነጋዴ በዚያ ዓመት ጎበጠ።

ባንክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ያልተከፈለ ብድር መያዣን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ልብ በሉ፣ የባንኩ ብድር ኮሚቴ ከወሰነበት ቀን አንሥቶ ማስታወቂያው በአደባባይ እስኪወጣ ድረስ የሚያልፉ ሳምንታት አሉ። በእነዚያ ሳምንታት ነገሩን የምናውቀው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነን።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ በአንዱ እሑድ፣ ወንድም ጋሼ ከአጋሮ መጣ። ቤቴ ያኔ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ «ዘንድሮ ጀንፈሉን ለእገሌ ልሰጠው ነው፤ አርባ ኩንታል። ከሌሎቹ የተሻለ ዋጋ ቆርጦልኛል። ብሩን በጥር ይሰጠኛል» አለኝ።

ስሙን ሲጠራ ስኒው እጄ ላይ ነበር። የዚያ ሰው መዝገብ ዓርብ ከሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ውሏል። ብድሩ ሁለት ጊዜ ተራዝሞለት አልከፈለም። ኮሚቴው መያዣው እንዲሸጥ ወስኗል፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«አንተ ባንክ ነህ። ሰውየው እንዴት ነው?»

«እንጃ» አልኩት።

ባለቤቴ ስኒውን ልትቀበለኝ እጇን ዘርግታ ፊቴን አየችው። ወንድም ጋሼ አላየኝም፤ ጎንበስ ብሎ ቆሎ እየዘገነ ነበር። ማክሰኞ አርባው ኩንታል ተጫነ።

በጥር የሐራጁ ማስታወቂያ በአዲስ ዘመን ወጣ፤ መጋዘኑም በር ላይ ተለጠፈ። በማግስቱ ወንድም ጋሼ ቅርንጫፋችን መጣ። ቀጥታ ወደ እኔ መግባት ሲችል አግዳሚው ላይ ከደንበኞች ጋር ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ጋቢውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል። ተራው ሲደርስ ፊቴ ቆሞ፣ «ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

«ባንኩ አፌን ዘግቶታል ካልከኝ እሺ። አምና ስለዚያኛው ነጋዴ ስጠይቅህ ግን ‹አትፍራ፣ ስጠው፣ ደህና ሰው ነው› ብለኸኝ የለም? ያን የተናገረ አፍ ዘንድሮ የት ሄደ?»

ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። በእናታችን ለቅሶ ላይ ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁን። ገንዘቡ ግን አልተመለሰም፤ ከባንኩና ከሌሎች አበዳሪዎች ተርፎ ለገበሬ የሚደርስ ነገር አልነበረም። የበኩር ልጁ በዚያ ዓመት ትምህርት አቋረጠ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል።

ብዙ ሌሊት ያገላበጥኩት ጥያቄ አንድ ነው፦ ልነግረው ይገባኝ ነበር? እናንተም አንድ ቀን የምትጠይቁት ይህንኑ ነው። መልሴ አይገባኝም ነበር ነው። ሕግ ፈርቼ ብቻ አይደለም እንዲህ የምለው። በዚያው ዓርብ፣ በዚያው ኮሚቴ፣ ሌላ አቅራቢም ቀርቦ ነበር። ሁኔታው ከፊተኛው እምብዛም አይሻልም፤ ዕዳው ግን እንዲሸጋሸግለት ተወሰነ። በሁለት ዓመት ከፍሎ ጨረሰ፤ ቡና ያስረከቡት ገበሬዎችም ሁሉ ብራቸውን አገኙ። የዚያ ሰው ችግር ከኮሚቴው ክፍል ሾልኮ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያስረከበው ሁሉ በአንድ ጠዋት መጋዘኑን ይከበው ነበር። ማንም ደግሞ በአንድ ጠዋት ሁሉንም መክፈል አይችልም። ያዳነው የእኛ ዝምታ ነው።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባችን ተመሳሳይ ውሳኔ ለአጎቱ ሹክ አለ፤ «ለአንተ ብቻ» ብሎ። አጎቱ ለሚስቱ ወንድም «ለአንተ ብቻ» አለው። በሦስተኛው ቀን ወሬው ተበዳሪው ጆሮ ደረሰ፤ በሌሊት መጋዘኑ ባዶ ሆነ። አጎትየው ቡናውን አዳነ። እዚያ መጋዘን ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው ቡና ሲለቅሙ የከረሙት ሴቶች ግን የሁለት ወር ደሞዛቸውን ሳያገኙ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ። ልጁ ከሥራ ተሰናበተ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ያኔ በዓይኔ አየሁት። ከእነዚያ ሴቶች አንዷም የምትጠይቀው የባንክ ዘመድ አልነበራትም። ምስጢር ለዘመድ ሲነገር የሚከፍለው ሁልጊዜ ዘመድ የሌለው ሰው ነው፤ እኔን አጥብቆ የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

እንግዲያው ጥፋቴ የቱ ላይ ነው? ወንድሜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮኛል፤ እኔ ለመረዳት ዓመታት ፈጀብኝ። ዝምታዬ ትክክል ነበር፤ ዝም ማለትን ግን ከዚያ እሑድ በፊት አላስለመድኩትም። ለዓመታት መልካሙን ስናገር ነበር። «እሱ ደህና ነው»፣ «ያ ሰው ሒሳቡ ጥሩ ነው» እያልኩ ዘመድ የጠቀምኩ ይመስለኝ ነበር፤ መልካም ወሬ ምን ይጎዳል ብዬ። መልካሙን ለመናገር የለመደ ሰው ግን፣ ክፉ ሲመጣ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ይናገራል፤ ምስጢሩ ወጣ። ዝምታው እንዳይናገር ከፈለገ መዋሸት አለበት። እኔ ዋሸሁ። «እንጃ» አላውቅም ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ አውቅ ነበር። ወንድሜም ከእንጃዬ ውስጥ ክፉ ነገር የለም የሚለውን ወስዶ ሄደ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ስለ ደንበኛ፣ ስለ ታካሚ፣ ስለ ባለጉዳይ መልካሙንም አትናገሩ። «ስለ ደንበኛ አልናገርም» የምትለው ቃል ስለ ሀብታሙም፣ ስለ ከሰረውም፣ ስለማታውቁትም ሰው አንድ ዓይነት ሆና ከአፋችሁ ትውጣ። መቶ ጊዜ ምንም በሌለበት ካላችኋት፣ መቶ አንደኛው ላይ ማንም ምንም አያነብባትም። ለዘመዶቻችሁም የተቀጠራችሁ ሰሞን ንገሯቸው፤ ገና ማንም ምንም ሳይጠይቃችሁ። «እማዬ፣ እዚያ የማየውን ቤት ይዤ አልመጣም፤ ስለ አንቺም ለማንም አልናገርም» በሏት። ሁለተኛዋን ስትሰማ የመጀመሪያዋን ትረዳለች።

ለወንድሜ ያለ ምንም ምስጢር ልሰጠው የምችለው ምክርም ነበረኝ፤ እሱንም አልሰጠሁትም። ቡናህን ያለ ጽሑፍ አታስረክብ፤ ሁለት ምስክር አስፈርም፤ ሲሶውን እንኳ በእጅህ ተቀበል፤ ወደፊት የሚመጣ ቀን የተጻፈበት ቼክ አትቀበል፣ በሒሳቡ ስንቅ፣ ማለትም ገንዘብ፣ የሌለው ሆኖ ይመለስብሃል፤ ሁሉንም ለአንድ ሰው አትስጥ። ይህን ለማንም ገበሬ መንገድ ላይ ብነግረው ማንም አይወቅሰኝም። በዚያ እሑድ ድንገት ብጀምረው ግን ፊቴ ይናገርብኝ ነበር። ከዓመታት በፊት፣ ሁሉ ደህና በሆነበት ወቅት ልነግረው ይገባኝ ነበር። እናንተ ነርስ ከሆናችሁ፣ ልጆቻቸውን ለሚድሩ ዘመዶቻችሁ ሁሉ «ሁለቱም አብረው ይመርመሩ» ማለትን ልማድ አድርጉት። የአንዷን ሙሽራ ካርድ ያያችሁ ቀን አዲስ ነገር መናገር አይኖርባችሁም።

ሕጉንም እወቁት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 እንደ ሐኪም፣ ነርስና ጠበቃ ያሉ ባለሙያዎች በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር ሲገልጡ ይቀጣል። ባለ ምስጢሩ ሲፈቅድ ወይም ሕግ ሲያስገድድ መንገዱ ሌላ ነው። ባንክ ውስጥ ለምትሠሩት ደግሞ በሕግ መሠረት አጠራጣሪ የገንዘብ እንቅስቃሴ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ይነገራል፤ ለአለቃችሁ አመልክቱ እንጂ ሻይ ቤት አታውሩት። የዘመዳችሁ ፋይል ጠረጴዛችሁ ላይ ካረፈ በዚያው ቀን በጽሑፍ «ይህ ዘመዴ ነው፣ ሌላ ሰው ይየው» በሉ፤ ግልባጩንም አስቀሩ። ስልክ በሁሉም እጅ ባለበት በአሁኑ ጊዜ ደግሞ የኮምፒውተሩን መስኮት ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ የአንድ ጣት ሥራ ሆኗል፤ የምፈራላችሁም ይህንኑ ነው።

ጅማ ትንሽ ናት። ፋይሉን ያየኸውን ሰው ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ታገኘዋለህ፣ ቅዳሜ እድር ላይ አጠገብህ ይቀመጣል፣ ልጁ ከልጅህ ጋር ይማራል። ሰላምታህ እንደ ትናንቱ መሆን አለበት፤ ከትናንቱም መሞቅ የለበትም፤ ያም ያስነቃል። ይህ ይከብዳል። ከብዶኝ ያውቃል። እኔ ያኔ የሚያማክረኝ ታላቅ አልፈለግሁም፤ ብቻዬን ይዤው ነው «እንጃ» ያልኩት። እናንተ ሲከብዳችሁ ስም ሳትጠሩ፣ ነገሩን ሳትዘረዝሩ በሥራው የቆየ አንድ ሰው ፈልጉና «እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባለፈው ወር ወንድም ጋሼ ቤት፣ አጋሮ፣ ተሰብስበን ነበር። አርጅቷል፤ መሬቱን ግን አሁንም በእግሩ እየዞረ ያያል። ምሳ ከተበላ በኋላ ባንክ የገባችው ልጁ ቡና ማፍላት ጀመረች። የዘንድሮውን ጀንፈል የሚገዛውን ነጋዴ ስም ጠርቶ፣ «አንቺ ባንክ ነሽ። ሰውየው እንዴት ነው?» አላት።

እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«አባዬ፣ ስለ ደንበኛ ጥሩም መጥፎም አልናገርም፤ ስቀጠር ምን እንዳልኩህ አስታውስ። ቡናህን ግን ለማንም ይሁን ያለ ውል አታስረክብ» አለችው፤ ጀበናውን ሳታስቀምጥ።

ወንድም ጋሼ ዞር ብሎ እኔን ብዙ ጊዜ አየኝ። ከዚያ የእኔንም የእሱንም ስኒ አንሥቶ ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «በረካውን ቅጂልን» አላት።