«ዓለማዊ» ስድብ ነው እንዴ?

ሐዋሳ የሚማር አንባቢ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «የማስተርስ ጽሑፌ በከተማ ወጣቶች ዘንድ ሃይማኖት ሲቀዘቅዝና መልሶ ሲያንሰራራ ስለሚታይበት ሁኔታ ነው። አማካሪዬ ‹ዓለማዊነትና ሃይማኖታዊ ተሐድሶ› በል አሉኝ። ጓደኞቼ ግን ‹ዓለማዊ› ስድብ ይመስላል፣ ‹ሴኩላር› በል፤ ‹ተሐድሶ›ም ጣጣ አለው ይላሉ። የትኛው ይሻላል?»

ወንድሜ፣ ስለ «ተሐድሶ» ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ቃሉ ሐደሰ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የሐዲስ ኪዳን «ሐዲስ»፣ የአዲስ አበባ «አዲስ»ም ከዚያው ነው። ሐደሰ ማለት ያረጀውን አዲስ አደረገ ነው። ስለዚህ ተሐድሶ ስትል የሚለወጠው ሃይማኖቱ ራሱ ነው። አንተ የምትጽፈው ግን ሰው ወደ ነበረው እምነት በአዲስ ጉልበት ስለ መመለሱ ነው። በዚያ ላይ ኦርቶዶክሱ ዘንድ «ተሐድሶ ነው» ከተባልክ ተከሰስክ ማለት ነው። ኢሕአዴግም በ1993 «ተሐድሶ»፣ በ2009 «ጥልቅ ተሐድሶ» እያለ ቃሉን ወደ ስብሰባ አዳራሽ ወሰደው። «መነቃቃት» በል። ነቅሀ፣ ነቃ፣ ተነቃቃ፤ አንዱ ሌላውን ሲያነቃ፣ ስሜቱ ከሰው ወደ ሰው ሲጋባ የሚያሳይ ቅርጽ ነው። ጥሩ ቃል ነው።

«ዓለማዊ» ላይ ግን አልስማማም። «ቃሉ ተበላሽቷል፣ ጣሉት» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሁሌም ያናድደኛል። የ«ሴኩላር» ሥር የሆነው ላቲኑ ሴኩሉም መጀመሪያ «ዘመን» ማለት ነበር፤ ኋላ ክርስቲያኖቹ «ይህ ዓለም» ለማለት ያዙት። የግዕዙ ዓለምም ሁለቱንም፣ ዘመኑንም ዓለሙንም፣ ይዟል። እነሱ ጸሎት ሲዘጉ «ኢን ሴኩላ ሴኩሎሩም» የሚሉትን እኛ «ለዓለመ ዓለም» እንላለን። ዐረቡም «ዐልማኒያ» ይላል፤ ሥሩ ዒልም፣ ማለትም ዕውቀት ነው የሚሉ ቢኖሩም እኔ የማምነው ዓለም የሚሉትን ነው። ታዲያ አቻው እጃችን ላይ እያለ ምን ፍለጋ ነው የምንሄደው?

ሴኩላራይዜሽን የሚለው ስም ራሱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ስለ እምነት መቀዝቀዝ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ርስት ወደ መሳፍንት መዛወር ነበር። በዚያ ትርጉሙ እኛም ቀኑን እናውቀዋለን፦ የካቲት 25 ቀን 1967። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚባለው በመሬት አዋጁ አበቃ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር፤ የ1987ቱ አንቀጽ 11 «መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም» አለ። ልብ በል፣ አንቀጹ «ዓለማዊ»ም «ሴኩላር»ም አላለም። «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» ብሎ በጥሩ አማርኛ ጨረሰው።

መንግሥት ተለየ ማለት ግን ሰውም ተለየ ማለት አይደለም። በ1987 ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከመቶ 10 ገደማ ነበር፤ በ1999 ከ18 አለፈ። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ «ዓለማዊነት» አትጠቅልላቸው።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። በሑዳዴ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ዘፈን ከከፈተ፣ ከኋላ ወንበር «ኧረ ዓለማዊውን ዝጋልን!» የሚል አይጠፋም። ጴንጤውም ሲመሰክር «ዓለም ውስጥ ሳለሁ» ይላል። እንዲህ የሚሰማ ጆሮ «ዓለማዊ መንግሥት» ሲባል ፈጣሪውን የረሳ መንግሥት ነው የሚመጣለት። የምታጠናው መነቃቃት ራሱ ቃሉን አክብዶታል። ይህን መካድ አልችልም። ግን ያው አማርኛ «ዓለሜ!» ብሎ ይወዳል፤ እናትም ልጇን «ዓለምሽን ያሳየኝ» ብላ ትመርቃለች። ስለዚህ እኔ «ዓለማዊ መንግሥት» ብዬ መጻፌን አልተውም።

ለሂደቱ ግን «ዓለማዊነት» አይበቃም፤ «-ነት» ሁኔታን እንጂ ሂደትን አይነግርም። እዚህ ላይ «ሴኩላራይዜሽን» ብትል አልቆጣህም፤ ዩኒቨርሲቲውም ጋዜጣውም ለምዶታል። ርዕስህን «ከሃይማኖት መራቅና ሃይማኖታዊ መነቃቃት በከተማ ወጣቶች ዘንድ» በለው። ውስጥ ላይ «ዓለማዊ» ስትጽፍ ደግሞ አደራ፣ በዐይኑ ዓ ይሁን። «አለማዊ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢ ከ«አለማመን» ጋር ያምታታዋል።