የድሮው የብድር ወረቀት ከሻንጣ ሲወጣ

ባለፈው ጽሑፌ ስለ ፒፒአይ አንድ መስመር ጣል ባደርግ የመልእክት ሳጥኔ ሞላ። ግማሾቻችሁ ቤት ስታጸዱ የድሮ የብድር ውል አግኝታችኋል። ግማሾቻችሁ ደግሞ «ገንዘብ አለህ» የሚል ስልክ ተደውሎላችኋል።

ለማያውቀው ባጭሩ ልበል። ፒፒአይ እንግሊዝ አገር ብድር፣ ክሬዲት ካርድ ወይም ሞርጌጅ ሲወሰድ አብሮ የሚሸጥ ኢንሹራንስ ነበር። ብትታመም ወይም ሥራ ብታጣ ወርሃዊ ክፍያህን ይሸፍንልሃል ተብሎ። እንደ እድር አስቡት። ብቻ ይሄ እድር መዋጮህን ዓመታት ሲበላ ኖሮ፣ ሐዘን ደርሶብህ ስትሄድ «አንተ እኮ ከመጀመሪያውም አባል መሆን አትችልም ነበር» የሚል ነው። እስከ 64 ሚሊዮን የሚደርስ ውል ተሽጧል። ባንኮቹ ከ2011 ጀምሮ ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ መልሰዋል።

«በ2005 ለቤት ዕቃ 6,000 ፓውንድ ተበድሬ በ2010 ጨርሻለሁ። ወረቀቱን ሰሞኑን ከአልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ አገኘሁት። ለኢንሹራንስ 1,300 ፓውንድ ይላል። ያኔ ሚኒካብ ነበር የምነዳው። አሁን ብጠይቅ ይሰጡኛል?» (ከቶተንሃም)

ወንድሜ፣ መጥፎውን ላስቀድም። ዋናው በር ተዘግቷል። ኤፍሲኤ የሚባለው የገንዘብ ተቋማት ተቆጣጣሪ ለፒፒአይ አቤቱታ የቆረጠው የመጨረሻ ቀን ኦገስት 29 ቀን 2019 ነበር። «አልሰማሁም» ማለት አያዋጣም። የአርኖልድ ሽዋርዘኔገርን ጭንቅላት ብቻውን በየቴሌቪዥኑ እያስጮኹ ሁለት ዓመት አስታውቀዋል። ያን ጊዜ በጠና ታሞ ወይም የራሱን ጉዳይ መከታተል በማይችልበት ሁኔታ ውስጥ የነበረ ሰው ግን ሁኔታውን ገልጾ ባንኩን መጠየቅ ይችላል። እምቢ ካሉት በስድስት ወር ውስጥ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ዘንድ፣ በደንበኛና በባንክ መካከል የሚዳኘው ተቋም ዘንድ፣ መሄድ ነው። በነጻ ነው።

የሚያናድደው፣ ያንተ ጉዳይ በጊዜው ቢቀርብ ጥሩ ጉዳይ ነበር። ለራሱ የሚሠራ ሹፌር «ከሥራ ተባረርኩ» ብሎ በዚያ ኢንሹራንስ ለመጠቀም በብዙዎቹ ውሎች ጭንቅ ነበር። ይህን ሳይነግሩህ ከሸጡልህ ጥፋቱ የሻጩ ነው።

እኔም ቀምሻታለሁ። በ2006 አንድ ባንክ 5,000 ፓውንድ ልበደር ገባሁ። ልጅቷ ወረቀቱን ስታዞርልኝ በእርሳስ ሁለት ቦታ ኤክስ አድርጋለች። «እዚህና እዚህ ፈርም» አለችኝ። ብዕሩንም ያቀበለችኝ እሷው ናት። ሁለተኛው ኤክስ ኢንሹራንሱ መሆኑን ያወቅኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ሺህ ምናምን ፓውንዱን በብድሩ ላይ ደምረውት፣ እሱም ራሱ ወለድ እየወለደ አምስት ዓመት ከፈልኩ። ገንዘቡን ያስመለስኩት በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ጠበቃ የለ፣ ደላላ የለ።

«ክሬዲት ካርዴ ከ2003 ጀምሮ አለኝ፤ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ፒፒአዩን ግን በ2009 አስቁሜዋለሁ። ጓደኛዬ ‹ፍርድ ቤት ሂጂ› ትለኛለች። እውነት አላት?» (ከሊድስ)

አላት፤ ግን ቀስ ብለሽ።

ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ወይዘሮ ነው። ባሏ የሞተባት የ59 ዓመት የኮሌጅ መምህርት፣ ፕሌቪን ትባላለች። በ2006 34,000 ፓውንድ ስትበደር 5,780 ፓውንድ ለፒፒአይ ተጨመረባት። ከዚያ ውስጥ 71.8 በመቶው ኮሚሽን ነበር። ልብ በይ፣ ከመቶው ሰባ ሁለቱን ማለት ይቻላል ደላላና አበዳሪ ተካፍለውታል። ለእሷ ማንም አልነገራትም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ይህን መደበቅ ግንኙነቱን ፍትሐዊ እንዳይሆን ያደርገዋል አለ። ኤፍሲኤም ኮሚሽኑ ከ50 በመቶ ካለፈ ያለፈው ከነወለዱ ይመለስ የሚል ደንብ አወጣ።

አንቺን የሚመለከትሽ ቀጥሎ የመጣው ነው። በ2023 ይኸው ፍርድ ቤት፣ የስድስት ዓመቱ የክስ ጊዜ የሚቆጠረው ኢንሹራንሱ ከቆመበት ቀን ሳይሆን የብድር ግንኙነቱ ካበቃበት ቀን ነው አለ። ካርድሽ ደግሞ ገና ኪስሽ ውስጥ ነው። የቶተንሃሙ ወንድማችን ብድሩን በ2010 ስለጨረሰ ይህ መንገድ አይሆነውም። ላንቺ ግን ክፍት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ከመጣደፍሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ለባንኩ «ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ ሁሉ ስጡኝ» ብለሽ ጻፊ። በነጻ ነው፤ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው። ምን ያህል ከፍለሽ እንደነበር ሳታውቂ ጠበቃ ቤት መሄድ የዋጋ ዝርዝር ሳያዩ ምግብ ማዘዝ ነው። ከ10,000 ፓውንድ በታች የሆነ ክስ ብዙውን ጊዜ በአነስተኛው የፍርድ ቤት መንገድ ስለሚታይ ራስሽም ማቅረብ ትችያለሽ። የፍርድ ቤት ክፍያ ግን አለው። «ካላሸነፍን አትከፍይም» የሚል ጠበቃ ካገኘሽም «ብንሸነፍ የእነሱን ወጪ ማን ይችላል? መሃል ላይ ልተወው ብልስ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። በቃል የሚነገርሽን እርሺው።

«ሰውየው በእንግሊዝኛ ‹4,200 ፓውንድ ፒፒአይ ጸድቆልሃል፣ ለማስለቀቂያ 180 ክፈል› አለኝ። ስሜንም አድራሻዬንም ያውቃል። ልክፈል?» (ከበርሚንግሃም)

አትክፈል! ስምህን ማወቁ ምንም አይደለም፤ ስማችን በየቦታው ተበትኗል። የሚመለስልህ ገንዘብ ቢኖር ኖሮ ቅድሚያ ክፈል የሚልህ የለም። ካሳ አስመላሽ ድርጅቶችም ቢሆኑ ሳትፈቅድላቸው እንዲህ መደወል ከ2018 ጀምሮ ተከልክለዋል። በጽሑፍ መልእክት ከመጣ የማጭበርበሪያ መልእክት ወደሚጠቆምበት ወደ 7726 አስተላልፈው። ከባንክህ ነን ካሉህ ስልኩን ዝጋና ከእውነተኛው ባንክህ ጋር ወደሚያገናኘው 159 ራስህ ደውል።

«በ2022 የተመለሰልኝ ገንዘብ ላይ ግብር ተቆርጧል። አንድ ድርጅት ላስመልስልህ ብሎ ፊርማ ጠየቀኝ።» (ከካርዲፍ)

አትፈርም፣ ራስህ አድርገው። የተመለሰልህ የራስህ ገንዘብ ግብር የለበትም። ግብር ያለበት ባንኩ ከላይ የጨመረልህ በዓመት 8 በመቶ የሚታሰበው ወለድ ብቻ ነው። ከእሱ 20 በመቶ ቆርጠው ይሰጡሃል። ታዲያ ብዙ ሠራተኛ በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ወለድ ያለ ግብር የማግኘት መብት አለው። ወለዱ 600 ፓውንድ ከነበረና ሌላ ወለድ ከሌለህ የተቆረጠብህ 120 ፓውንድ ያንተ ነው። አር 40 የሚባለውን ቅጽ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከኤችኤምአርሲ ድረ ገጽ ሞልተህ ላክ። ግን ፍጠን! መጠየቅ የሚቻለው ገንዘቡ የገባበት የግብር ዓመት ካለቀ በኋላ ለአራት ዓመት ብቻ ነው። የግብር ዓመቱ የሚያልቀው ኤፕሪል 5 ነው።

ስለ ፊርማው፦ አንዳንድ ድርጅቶች የግብር ተመላሹን መብት በሕግ ወደ ራሳቸው የሚያዞር ወረቀት ሲያስፈርሙ ነበር። ሰዉ ለፒፒአይ የፈረመ መስሎት ሌላውንም የግብር ተመላሽ አብሮ አስረከበ። ከማርች 2023 ወዲህ የተፈረመ እንዲህ ያለ የገቢ ግብር ማስተላለፊያ ዋጋ የለውም። ቢሆንም አትፈርም።

«የሞርጌጅ ኢንሹራንስ እስከ ዛሬ በወር 22 ፓውንድ እከፍላለሁ። ዘንድሮ በወገቤ ምክንያት ሥራ አቆምኩ። ኩባንያው ግን ‹የወገብ ሕመም አይሸፈንም› ብሎ መለሰኝ።» (ከለንደን፣ እናት)

እትዬ፣ የእርስዎ ከሌሎቹ ይለያል። የ2019ኙ ቀነ ገደብ በዋናነት አሻሻጡን የሚመለከት ነው። ከዚያ ወዲህ ካሳ ጠይቀው «ውሉ ይህን አይሸፍንም» ተብለው የተከለከሉ ሰው ግን አሁንም አቤት ማለት ይችላሉ። ለኩባንያው በጽሑፍ ያመልክቱ። ስምንት ሳምንት ይጠብቋቸው። ካልመለሱ ወይም መልሳቸው ካላረካዎት ወደ ኦምቡድስማን። የሐኪምዎን ወረቀት አብረው ያያይዙ። ደግሞም ውሉን ሲገዙ ስለ ወገብ የተነገረዎትን ያስታውሱና ጽፈው ያስቀምጡ፤ ማን ነገረዎት፣ የት ተቀምጠው ነበር፣ አስተርጓሚ ነበረ ወይ? የቋንቋው ነገር ትንሽ እንዳይመስልዎት። አቤቱታው እስኪያልቅ ድረስ ውሉን አይሰርዙ።

በነገራችን ላይ፣ ከላይ ለሊድሷ እህት የጻፍኩት የፍርድ ቤት መንገድ ለአብዛኛው የቤት ሞርጌጅ አይሠራም። ሕጉ እነዚያን ከዚህ ክፍል አውጥቷቸዋል።

«ጠቅልዬ አዲስ አበባ ገብቻለሁ። እህቴ ለንደን ከመሳቢያ ውስጥ የ2019 የፒፒአይ ቼክ አገኘች። በስሜ ነው፣ 1,840 ፓውንድ።» (ከሲኤምሲ)

ቼኩ ረፍዶበታል፤ ባንኮች ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ያለፈውን አይቀበሉም። ገንዘቡ ግን ጠፋ ማለት አይደለም። እህትህ ቼኩን ፎቶ አንስታ ትላክልህ፤ ደብዳቤውም አብሮ ካለ በጣም ጥሩ፣ መለያ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። ለላከው ባንክ ጽፈህ በቀጥታ ወደ እንግሊዝ ሂሳብህ እንዲያስገቡልህ ጠይቅ። ሂሳብህን ዘግተህ ከነበር ያንንም አስቀድመህ ንገራቸው፤ ሌላ ቼክ ቦሌ ድረስ ልከው አንተም ምን እንደምታደርገው ሳታውቅ እንዳትቀር። ኢትዮጵያ መኖርህ ኦምቡድስማን ከመሄድ አይከለክልህም።

«መኪናዬን በ2016 በፒሲፒ (በየወሩ በሚከፈል የመኪና ብድር) ገዛሁ። ፒፒአይ የለውም። ‹አዲሱ ፒፒአይ› የሚሉት ይሄ ነው?» (ከማንቸስተር)

እሱ ነው፣ ጉዳዩም አሁንም ኮሚሽን ነው። አከፋፋዩ ወለድህን ከፍ ባደረገ ቁጥር ኮሚሽኑ የሚጨምርበት አሠራር ነበር፤ ኤፍሲኤ በጃንዋሪ 2021 አገደው። በኦገስት 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ብዙውን ክርክር ለአበዳሪዎች ፈርዶ፣ ኮሚሽኑ ለብድሩ ከሚከፈለው ጠቅላላ ወለድና ክፍያ 55 በመቶ ለደረሰበት አንድ ሰው ግን ፈረደለት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ኤፍሲኤ ከኤፕሪል 2007 እስከ ኖቬምበር 2024 የተፈረሙ ውሎችን የሚያካትት የካሳ ሐሳብ አቀረበ፤ ያኔ የተገመተው በአማካይ 700 ፓውንድ አካባቢ ነው። የአንተ ውል ቀኑ ውስጥ ገብቷል። ተከራይተህ የምትመልሰው ሊዝ ከሆነ ግን አይመለከትህም። የአቤቱታ ደብዳቤህን ላበደረህ ድርጅት ጻፍ እንጂ መኪናውን ለሸጠልህ አይደለም። የሰሌዳ ቁጥሩንና ያኔ የነበርክበትን አድራሻ ጨምርበት።