የወንድሜን መለዮ ከሥዕሉ ጎን ላስቀምጥ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ወንድሜ ፖሊስ ነበር። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሌባ ሲያባርር በስለት ተወግቶ ሞተ። ንስሐ ለመግባት እንኳ ጊዜ አላገኘም። በሚቀጥለው ወር ሙት ዓመቱ ነው። ሰማዕት ነው ማለት እንችላለን? ፎቶውንና መለዮውን ከእመቤታችን ሥዕል ጎን አድርጌ ሻማ ላብራ ብዬ ነበር። ባልደረቦቹም ይመጣሉ፤ ግማሾቹ ሙስሊም ናቸው። ምን ላቅርብላቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከመለዮው ልጀምር። ፎቶውንም መለዮውንም ሳሎን አስቀምጪ፤ ማንም አይከለክልሽም። ከሥዕሉ ጎን ግን አይሁን። እዚያ የምንጸልይበት፣ የምንሰግድበት ቦታ ነው። በሻማው ፋንታ ጧፍና ዕጣን ገዝተሽ ለአጥቢያሽ ቤተ ክርስቲያን ስጪ። በጸሎት እንዲታሰብም ስሙን ለካህኑ ንገሪ፤ የክርስትና ስሙን ማለቴ ነው። ጣቢያ የሚጠራበት ስም እዚያ አይሠራም። ይህ ነገር በብዙ ቤት ይረሳል። አንዳንዴ የምታውቀው እናትየው ብቻ ትሆናለች፤ እሷ ካለፈች የክርስትና አባቱን ፍለጋ መዞር ነው። ዛሬውኑ ጠይቂ።

ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት የምትለው ስለ ክርስቶስ መስክሮ የሞተውን ነው። ማዕረጉን እኛ አንሰጥም። ጌታ ግን «ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም» ብሏል (ዮሐ. 15፥13)። ወንድምሽ ደግሞ የሮጠው ለማያውቀው ሰው ንብረት ነው። መሣሪያ ይዞ መኖሩም አያስጨንቅሽ። ጭፍሮች መጥምቁ ዮሐንስን «እኛስ ምን እናድርግ?» ሲሉት፣ ግፍ አትሥሩ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው እንጂ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም (ሉቃ. 3፥14)። ድንገት መሞቱም ጸሎተ ፍትሐት አይከለክልም። ለራሱ መጸለይ ላልቻለ ካልጸለይን ለማን እንጸልያለን?

ድግሱን በተመለከተ፣ ተበድረሽ ድንኳን አትጣይ። ይህን ስል የሚቀየሙኝ ዘመዶች እንዳሉሽ አውቃለሁ። ድሬ ላይ ደግሞ ሥጋ ካሰብሽ የክርስቲያን፣ የሙስሊም እያልሽ ሁለት ቦታ ልታሳርጂ፣ ሁለት ድስት ልትጥጂ ነው። አቦ፣ ሽሮና ምስር ሥሪ! ሁሉም ከአንድ ትሪ ይብላ። መጀመሪያ ግን በቤተ ክርስቲያኑ በር ያሉት ነዳያን ይቅመሱ። በዚያ ቀን ተረኛ ሆነው የቀሩ ባልደረቦቹም አይረሱ፤ ቋጥረሽ ወደ ጣቢያው ላኪላቸው።