ጥለቱ ሽመናው ሳይጀመር ያልቃል

ውድ የጨርቃ ጨርቅ ንድፍ ተማሪዎች፤

ከእናንተ አንዱ በቅርቡ የታቢህን ፎቶግራፍ ይዞልኝ መጥቶ ጥለቱን በኮምፒዩተር ስሎ ሊያሳትመው ማሰቡን ሲነግረኝ ልከለክለው አልፈለግሁም፤ ያ ጥለት እንዴት እንደሚሠራ ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ታቢህ በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በሚንዳናኦ ደሴት የሚኖሩ የብላን ሕዝብ ሴቶች የሚለብሱት፣ ጫፍና ጫፉ ተሰፍቶ እንደ ቱቦ የሚገጥም ጉርድ ቀሚስ ነው።

ክሩ ጥጥ አይደለም። ከእኛ እንሰት ጋር አንድ ቤተሰብ ከሆነው ከአባካ ግንድ ተፍቆ የሚወጣ ቃጫ ነው፤ በእንዝርት አይፈተልም፣ ዘለላው ጫፍ ለጫፍ በእጅ ይቋጠራል እንጂ። የእኛ ሸማኔ ጥበቡን የሚያወጣው እየሸመነ፣ ባለቀለም ማግ እያስገባ ነው፤ የብላን ሴት ግን ጥለቷን በድሩ ላይ አስቀድማ ትጨርሰዋለች። ድሩን ወጥራ፣ ቀለም እንዳይነካው የምትፈልገውን ሁሉ ጥቂት ጥቂት ዘለላ እየያዘች አጥብቃ ታስራለች፤ ጥቁሩን ከነከረች በኋላ ለቀይ የመደበችውን ፈትታ እንደገና ትነክራለች፤ ነጩ እስከ መጨረሻው ታስሮ የቆየው ነው። በጥለቱ ላይ የሚታየው የአዞም ሆነ የሰው ምስል የሚመጣው ከወረቀት ሳይሆን ከትዝታዋ ነው። በወገቧ ታስሮ ወደሚወጠረው መሸመኛ ስትቀርብ፣ በእስሩ ላይ የተፈጸመ ስሕተት ከእንግዲህ አይታረምም።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ጨርቅ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አይቼ፣ የምስሉ ጠርዝ ስለደበዘዘብኝ በማስታወሻዬ ላይ «ያልጠራ ሥራ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቀለሙ በእስሩ ሥር በጥቂቱ ሰርጎ መግባቱ የእጅ ሥራነቱ ምልክት መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው (ያን ማስታወሻ ዛሬም ሳገላብጠው አፍራለሁ)።

በዚያው ደሴት፣ በፖሎሞሎክ ይኖሩ የነበሩት የብላን ሸማኔ ፉ ያቢንግ ማሳሎን ዱሎ («ፉ» ለአረጋውያን የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው)፣ ሙያውን በልጅነታቸው ከእናታቸው ተምረው፣ ሀገራቸው ለባህል ጥበበኞች የምትሰጠውን ከፍተኛ ማዕረግ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲያገኙ ዕድሜያቸው ከ100 ዓመት አልፎ ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ዐረፉ።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ እስር ቃጫ ገዝታችሁ ዐሥር ዘለላ ጫፍ ለጫፍ ቋጥሩ፤ ሌላ ጥቂት ዘለላ ደግሞ ወጥራችሁ ሦስት ቦታ አጥብቃችሁ እሰሩና ንከሩ። ከዚያም በኋላ የታቢህን ጥለት ለገበያ ማዋል ካሰባችሁ ባለቤቶቹን ሳታስፈቅዱ፣ የሕዝቡንም ስም ሳትጽፉ አታድርጉት። የነከራችሁትን ግን መጀመሪያ ይዛችሁልኝ ኑ፤ የደበዘዘውን ጠርዝ አብረን እናየዋለን።